የኖርዝጌቱ ሙከራ ቃለ ጉባኤ

ብዙ ያነበበ ሰው አያስፈራም። ብዙ ያነበበ ሰው ያነበባቸው መጻሕፍት ጭንቅላቱ ውስጥ እርስ በርሳቸው ስለሚጣሉበት እነሱን ሲገላግል ይውላል፤ ለሰው የሚተርፍ ጊዜ የለውም። የሚያስፈራው አንድ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ፣ እሱንም ትናንት የጨረሰ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቤታችሁ ከመጣ ልጆቻችሁን ሰብስቡ፤ ሽማግሌዎች መሃል ከተቀመጠማ ጸሎት ጀምሩ። ይህን የምለው ሰው ላማ ፈልጌ አይደለም። ሰውዬው እኔ ነበርኩ።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ላይ ሲያትል ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ መጽሐፍ ማንበብ እንዳይመስላችሁ፤ መጽሐፍ መግፋት ነው። የተመለሱትን በጋሪ ሞልቼ እየገፋሁ በየመደርደሪያቸው አስገባለሁ። ለአገር ቤት ዘመዶቼ ግን «ከሊቃውንት ጋር ነው የምውለው» ብዬ ጽፌላቸው ነበር። ውሸት የለበትም፤ ሊቃውንቱ ሞተዋል እንጂ እዚያው ናቸው።

አንድ ቀን ታዲያ ከመደርደሪያው ጫፍ አንድ ወፍራም ጥራዝ ተንሸራቶ እግሬ ላይ ወደቀ። በአንድ እጄ እግሬን እያሻሸሁ በሌላው ገለጥኩት። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር፣ በገዛ ፀጉራቸው ላይ ሌላ ፀጉር የሚደፉ ጌቶች በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ስለ ተፈጥሮ የሚመራመሩበት ማኅበር ነበራቸው፤ ጥራዙ የዚያ ማኅበር ቃለ ጉባኤ ነው። ያኔ ኤስ የምትባለውን ፊደል ኤፍ አስመስለው ያትሟት ስለነበር፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ጌቶቹ ሁሉ ኮልታፋ መስለውኝ አዘንኩላቸው። በኋላ ለመድኳቸው። የምሳ ሰዓቴን ሁሉ ከእነሱ ጋር ማሳለፍ ጀመርኩ።

ምን የማይመረምሩት ነገር አለ መሰላችሁ? አንዱ ቄስ የዝናቡን ውሃ በጣሳ እየለካ ለዓመታት ይልክላቸዋል። ሲያትል ተሹሞ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ኅዳር ጣሳውን ወርውሮ ወደ ቅዳሴው ይመለስ ነበር። ሌላው ሁለት ራስ ይዞ ስለተወለደ ጥጃ ይጽፋል። አንድ ቀን ደግሞ አሥራ ሁለት የተከበሩ ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙና ኤሌክትሪክ ለቀቁባቸው፤ ሁሉም በአንዴ ዘለሉ። ጸሐፊው ምን አደረገ? ሁሉም እኩል እንደተሰማቸው ጻፈ፣ የዕለቱ ነፋስ ከየት ይነፍስ እንደነበር ጻፈ፣ ኤሌክትሪኩን የለቀቀባቸውን ሰው ጉባኤው እንዳመሰገነ ጻፈ። እኛ ብንሆን ከማመስገናችን በፊት ፖሊስ ኮል እናደርግ ነበር።

ልቤን የወሰደው ግን ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች «ይባላል» የሚባል ነገር አያውቁም። እገሌ እንዲህ አለ ብትሏቸው፣ እስቲ ሄደን እንየው ይላሉ። አይተው ይለካሉ፣ ለክተው ይጽፋሉ። እኔ ደግሞ በዚያን ጊዜ የእድራችን ጸሐፊ ነበርኩ። የኛ ቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቁታላችሁ፤ ምንም ይሁን ምን «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ነው። ሁለት አባላት በወንበር ሊፈላለጡ ሲሉ በገላጋይ በተረፉበት ቀን እንኳ «ሞቅ ያለ ሐሳብ ተንሸራሸረ» ብዬ የጻፍኩ ሰው ነኝ። ጥራዙን ካነበብኩ ወዲህ በራሴ አፈርኩ። ከእንግዲህ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው ብዬ ማልሁ።

ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። በመጀመሪያ የሩዝ አፈላሌን በሰዓት መዘገብኩ። ቀጥሎ አውቶቡስ ስንት ደቂቃ እንደሚዘገይ መዘገብኩ። ከዚያ ለቅሶ ቤት ሄጄ ማን በእንባ፣ ማን ያለ እንባ እንዳለቀሰ በሁለት ዓምድ ከፍዬ ስጽፍ አንዲት የሟች አክስት ደብተሬን አዩት። ያለ እንባ ከሚለው ዓምድ ላይ የራሳቸውን ስም ሲያገኙ እንባቸው መጣ። እኔም ወደ መጀመሪያው ዓምድ አዛወርኳቸው፤ በእውነት ላይ እንዲህ ነበር የጸናሁት።

የጋሽ ሰይድና የጋሽ ተክሌ ጠብ የመጣው በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ነው። ጋሽ ሰይድ የደሴ ሰው፣ ጋሽ ተክሌ የወልቂጤ ሰው ናቸው። አንዳቸው ይሰግዳሉ፣ አንዳቸው ይሳለማሉ። ሱዳን ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተካፍለው አድረው፣ ሲያትል መጥተው ኦቴሎ የሚባል ሰፈር አጠገብ አንዲት ሱቅ ከፍተዋል። ጋሽ ተክሌ ባንኮኒው ላይ ይቆማሉ፤ ጋሽ ሰይድ በቫን ዕቃ ያመላልሳሉ። በርበሬም ሆነ ምስር የሚፈልግ ሁሉ እነሱ ዘንድ ነው የሚሄደው፤ ምስር የማይፈልግም ወሬ ሊሰማ ይሄዳል። ታዲያ ምን አጣላቸው? ርስት ነው? ሴት ናት? ሰላምታ ነው።

ጋሽ ተክሌ እንደሚሉት፣ አንድ ቅዳሜ ኖርዝጌት፣ የገበያ አዳራሹ መኪና ማቆሚያ ውስጥ መኪናቸውን ፓርክ አድርገው ሲወጡ ጋሽ ሰይድን አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ፣ እጃቸውን አነሱ። ጋሽ ሰይድ ፊት ለፊት ተመለከቷቸውና እንደ ቆመ ግንድ አልፈዋቸው ሄዱ። አያችሁ፣ ፈረንጅን ሰላም ባትሉት ቀኑን ይቀጥላል። የኛ ሰው ግን ሰላምታው ካልተመለሰለት ያቺን ጎንበስ ያለባትን ወገብ እንዳጎነበሳት ይዟት ቤቱ ይገባል፤ ካሳ ካልተቀበለች አትቃናለትም።

ስድስት ሳምንት ሙሉ አልተነጋገሩም። በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሆነው የሚላላኩት በደንበኛ በኩል ነበር። እኔ ራሴ ምስር ልገዛ ገብቼ «ለዚያ ሰውዬ ሽንኩርት አልቋል በልልኝ» ተብያለሁ፤ ሰውዬው የቆሙት ከክንድ ባልበለጠ ርቀት ነው። አደረስኩ፤ መልስም ይዤ ተመለስኩ። በኋላ ጭራሽ ሱቁን ለሁለት ልንከፍለው ነው፣ መሃሉ ላይ ግድግዳ ልናቆም ነው ማለት ጀመሩ። ይህን ስሰማ ከልቤ ከፋኝ። የሥጋ ወንድም በሌለበት አገር ሁለት ሰዎች ወንድማማች ሆነው ኖረው በአንድ ኮፍያ ሲለያዩ ማየት ያማል።

የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ በላቸው አገር ቤት አጥቢያ ዳኛ የነበሩ ናቸው። እርቅ የሚያውቁት በድሮው መንገድ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ያስገባሉ፤ ለአንዱ «ያኛው አንተን እያለ እያለቀሰ ነው» ይሉታል፤ ለሌላውም ይህንኑ ይሉታል። ሁለቱም በሌላው እንባ ልባቸው ተሰብሮ ሲወጡ እውነትም ይላቀሳሉ። ስንት ትዳር፣ ስንት የእርሻ ድንበር በዚህ እንባ እንደተረፈ ቆጥረው አይጨርሱትም።

በዚሁ ደንብ ለየብቻ ጠየቋቸው። ጋሽ ሰይድ «ሐሳብ ይዞኝ ነበር፣ አላየሁትም» ብለው ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ጋሽ ተክሌ ደግሞ ሐሳብ እግር ይይዛል እንጂ ዓይን አይይዝም ብለው ተከራከሩ። ሆዳቸውንም መታ መታ አድርገው፣ ሶ፣ እኔን የሚያክል ሰው የማይታየው ከምን የተነሳ ነው አሉ። ጋሽ በላቸው እንባውን ሊያዘጋጁ ጉሮሯቸውን ሲያጠሩ እኔ እጄን አወጣሁ። ለምን ሄደን አናየውም አልኩ።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ብዬ ጀመርኩና ስለ እንግሊዞቹ ግማሽ ሰዓት አወራሁ። በሐሳብ የተያዘ ሰው ፊት ለፊቱ የቆመ ወዳጁን ሊስተው ይችላል ወይስ አይችልም? ይህ በእንባ ሳይሆን በሙከራ የሚረጋገጥ ነው አልኩ። በመጀመሪያ ጋሽ ሰይድ ያለ ሐሳብ ያያሉ፤ ቀጥሎ ሐሳብ ተሰጥቷቸው ያያሉ፤ ልዩነቱ ይመዘገባል። ጉባኤው በደስታ ተቀበለኝ፤ እሑድን የሚያሳልፍበት ነገር ያገኘ ሰው ምን ይጠላል? ምን ዓይነት ሐሳብ ይሰጣቸው በሚለው ላይ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀን። በመጨረሻ አማታቸው ከካርቱም ሊመጡ ነው የሚለው ሐሳብ በሙሉ ድምፅ አለፈ። ጋሽ ሰይድ ምንም አላሉም። ዝምታቸውን እሺታ አድርጌ ያዝኩት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለኔ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰባት ሆነን፣ ሁለቱ ባለጉዳዮች፣ ጋሽ በላቸው፣ እኔና ሦስት ታዛቢዎች፣ በሱቁ ቫን ወደ ኖርዝጌት ሄድን። ጋሽ ተክሌ ከኋላ ወንበር ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው ተቀመጡ። የነዱን ጋሽ ሰይድ ናቸው። ሀይዌዩን ሙሉ ከአንድ ትልቅ ካሚዮን ጀርባ ሳይለዩ፣ እሱ ሲቀዘቅዝ እየቀዘቀዙ፣ እሱ መስመር ሲቀይር እየቀየሩ ነዱ። ምን ዓይነት ጨዋ ነጂ ናቸው ብዬ አደነቅኩ። ካሚዮኑ ከኛ ጋር ኖርዝጌት ባይወጣ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው ከካናዳ ነበር።

መኪና ማቆሚያው ላይ ያው የሲያትል ካፊያ ይወርዳል፤ ዘንቦ አይወጣለት፣ አባርቶ አያሳርፍ። ደብተሬን በፕላስቲክ ሸፍኜ ሁሉን መዘገብኩ። ነፋስ ከደቡብ፣ ሰማዩ ግራጫ፣ የተገኙ አባላት ሰባት፣ ርቀቱ አርባ እርምጃ። እርምጃው የጋሽ በላቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በእንግሊዝ እርምጃ ቢሆን ሠላሳም አይሞላ። የገበያው ዘበኛ መጥቶ ምን እያደረጋችሁ ነው ሲለኝ ሳይንስ ነው አልኩት፤ ኦኬ ብሎ ሄደ። ጋሽ ተክሌ ያን ቅዳሜ በቆሙበት በመብራቱ ምሰሶ ሥር ቆሙ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ጎንበስ አሉ። ዝናቡ መላጣቸው ላይ ይንጠባጠባል።

እኔም በሊቅ ድምፅ፣ ጋሽ ሰይድ ያለ ምንም ሐሳብ ሆነው ወደ ፊት ይመልከቱ፣ ጋሽ ተክሌ ይታዩዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

ጋሽ ሰይድ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ። ከዚያ እንዴት አይታየኝም፣ ያው ሰማያዊ ኮቱን ለብሶ ቆሞ የለም ወይ አሉ። ጋሽ ተክሌ የለበሱት ቡናማ ነው። ጋሽ ሰይድ ከምሰሶው በስተግራ ራቅ ብሎ ወደቆመ አንድ ሰማያዊ የፖስታ ሳጥን ዞሩ፤ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ከወገባቸው ዝቅ ብለውም እጅ ነሱ። «ሰላም ነህ ወይ ተክሌ፤ ያን ቀን ሐሳብ ይዞኝ ነው፤ ይቅር በለኝ ወንድሜ» አሉት ሳጥኑን።

የስድስት ሳምንቱ ነገር ለሁላችንም በአንድ ጊዜ ገባን። ጋሽ ሰይድ ያን ቅዳሜ አላዩም፤ ዛሬም አያዩም። ይህንን ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም። ዓይኔ ደከመ ከማለት ባለጌ መባልን መርጠዋል፤ ወዳጃቸውን እስከ ማጣት ድረስ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ሀይዌይ ማን እንደነዳን ትዝ አለኝ።

ጋሽ ተክሌ ከምሰሶው ሥር አፋቸውን ከፍተው ቀርተው ነበር። ከዚያ ያን ሁሉ ሰውነታቸውን ይዘው፣ በእግራቸው ጣት፣ በእሳቸው ቤት ኮቴያቸውን አጥፍተው፣ የቆረውን ውሃ እየረገጡ ወደ ሳጥኑ ሮጡ። አጠገቡ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉና «ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ሰይድዬ» አሉ። ከዚያም መጥተው አቀፏቸው። ሁለቱም አለቀሱ፤ የጋሽ በላቸው እንባ ሳይጨመርበት። እኛም አለቀስን። ማን በእንባ ማን ያለ እንባ የሚለውን ዝናቡ ስላበላሸው አልመዘገብኩም።

አማትየዋ ያሉበት ሁለተኛው ሙከራ ቀረ። ልንመለስ ስንል ጋሽ ተክሌ ቁልፉን ከጋሽ ሰይድ እጅ ቀስ ብለው ወሰዱና፣ ሐኪሜ ቀኝ እግርህን አሠራው ብሎኛል፣ ከዛሬ ጀምሮ ቫኑን የምነዳው እኔ ነኝ አሉ። ነዳጅ መርገጥ ከመቼ ወዲህ መድኃኒት ሆነ ብሎ የጠየቃቸው የለም። በሳምንቱ ደግሞ ዓይኔን ልታይ ነው፣ ብቻዬን ሐኪም እፈራለሁ፣ አብረኸኝ ሂድ ብለው ይዘዋቸው ሄዱ። ሐኪሙ ታማሚውን አሰናብቶ አጃቢውን አስቀረ። ሞራ ነው፣ ይወጣል ብሎም ቀጠሮ ሰጣቸው። የግድግዳው ወሬ ጠፋ። ስለ ዓይንም ሆነ ስለ ሳጥን ማንም ምንም ሳይል ነገሩ ሊያልፍ ነበር። እኔ ግን ቃለ ጉባኤ ነበረብኝ።

እድሩ የሚሰበሰበው በወር አንድ ጊዜ ሬኒየር ቢች ባለ አንድ አዳራሽ ነው። ያለፈው ቃለ ጉባኤ ተቆሞ ይነበባል፤ አባላት ሰምተው ይፈርማሉ። እኔ ስምንት ገጽ ጽፌ መጣሁ። ነፋሱ አለ፣ ካፊያው አለ፣ ዘበኛው አለ። ሳጥኑም ከነቀለሙ አለ። ጋሽ በላቸው ከስብሰባው በፊት ጥግ ይዘውኝ ምን ጻፍክ አሉኝ። የሆነውን አልኳቸው፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብዬም ጨመርኩላቸው። «የሆነውንማ እናውቀዋለን፤ ለሱ ወረቀት ምን ያደርጋል?» አሉና ትተውኝ ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እንግሊዞቹ ይህን ቢሰሙ ከማኅበር ያስወጧቸው ነበር ብዬ በልቤ ታዘብኳቸው።

ቆምኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ልጆች ከኋላ በእንግሊዝኛ ይንጫጫሉ። ጋሽ ሰይድ ከፊት ረድፍ፣ ከጋሽ ተክሌ ጎን፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው በጆሯቸው ነው የሚያዩኝ። ነፋሱን አነበብኩ። እርምጃውን አነበብኩ፤ ሰው ሳቀ፣ ጋሽ በላቸው ጉልበታቸውን አሹ። ወደ ሳጥኑ ስቃረብ ጋሽ ተክሌ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ ጨመደዱት፤ ሦስቱ ታዛቢዎችም ወለል ወለሉን ማየት ያዙ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የቀረኝ። እሱን ካነበብኩት ከነገ ጀምሮ ጋሽ ሰይድ ሱቃቸው በር ላይ ሲቆሙ፣ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ መንገድ ዳር ላለ የፖስታ ሳጥን እጅ እየነሳ ሊያልፍ ነው። ጋሽ ሰይድም ያን ሳቅ በደንብ ይሰሙታል።

በዚህ ጊዜ ያ የእንግሊዝ ጸሐፊ መጣብኝ። አሥራ ሁለቱ ጌቶች በኤሌክትሪክ ሲመቱ ሁሉም እኩል ተሰማቸው ብሎ ጽፏል። እውን እኩል ነበር? ከመካከላቸው አንዱ፣ ምናልባትም በዕድሜ የሚበልጡት፣ እናቴን ብለው ጮኸው ያ ፀጉራቸው ወልቆ አልወደቀም? ጸሐፊው ራሱ ጎንበስ ብሎ አላነሳላቸውም? ይሄው ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የነቃበት የለም። እኔም ወረቀቱ ላይ ዓይኔን ተክዬ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለውን አነበብኩ፦ ጋሽ ሰይድ ጋሽ ተክሌን ወዲያው አይተው እጅ ነሱ፤ ጋሽ ተክሌም አጸፋውን መለሱ፤ ጉባኤው ሁለቱንም አመሰገነ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሽ በላቸው ከሁሉም በላይ አጨበጨቡ።

ሻይ ሲጠጣ የሳጥኑን ገጽ ቀድጄ ኪሴ ከተትኩ፤ ያነበብኩትን በአዲስ ወረቀት ጽፌ ለፊርማ አቀረብኩ። ጋሽ ሰይድ ተራቸው ደረሰ። የት ጋ ነው አሉኝ፤ ጣታቸውን ይዤ መስመሩ ላይ አኖርኩላቸው። ፈረሙ። ከዚያ ብዕሩን ሳይመልሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል ልጄ፣ አንድ ልክ ብቻ ጎድሎሃል አሉኝ። የቱ ነው ጋሽ ሰይድ አልኩ። ከምሰሶው እስከ ሳጥኑ ስንት እርምጃ እንደሆነ አልጻፍክም አሉ።

«አሥራ ሰባት ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሲሮጥልኝ ቆጥሬዋለሁ።»